ለጀማሪ ልጅ የሚሆን ፒያኖ በተገቢ ዋጋ ስለ መምረጥ



የቤት ዕቃ ሁሉ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን ለቤቱ ነዋሪ የሚያገለግል ሲሆን፥ ሁለተኛው ወገን እንግዳ እንዲያየው የሚቀመጥ ነው። ምንጣፍና ብርጭቆ ከሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል። የሙዚቃ መሣሪያ ግን ለመታየት ብቻ የተገዛ እንደሆነ ያሳዝናል፤ እንዲናገር ተሠርቶ ሳለ ዝም ብሎ ይቀራልና። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ልጆቻቸው ፒያኖ እንዲማሩ የሚወዱ አባቶችና እናቶች ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን ወደ ገበያ በወጡ ጊዜ ዋጋው ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው እጅግ ሲለያይ፥ ሻጩም ቁልፍ ያለውን ዕቃ ሁሉ «ፒያኖ» እያለ ሲጠራ ስለሚያገኙት፥ አንዳንዱ ተታሎ፥ አንዳንዱም ፈርቶ ይመለሳል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ለጀማሪ ተማሪ የሚበቃውን ዲጂታል ፒያኖ በተገቢ ዋጋ እንደምን ለመምረጥ እንደሚቻል ባጭሩ ለማስረዳት እንወዳለን።

አስቀድሞ ስሙን ከግብሩ ጋራ ማስማማት ይገባል። ፒያኖን መጀመሪያ የሠራው በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ በሜዲቺ መሳፍንት ቤት የሙዚቃ መሣሪያዎች ጠባቂ የነበረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው። ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1700 ግድም ነበር። ከእርሱ በፊት በነበረው ክላቭሳን በሚባለው መሣሪያ ጅማቱን የላባ አንጓ እየነካ ያስጮኸው ስለ ነበረ፥ ተጫዋቹ ጣቱን ቢያበረታም ቢያላላም ድምፁ ከሞላ ጎደል አንድ ነበር። ክሪስቶፎሪ ግን ጅማቱ በትንሽ መዶሻ እንዲመታ አደረገ። ከዚህም የተነሣ ጣት በቀስታ ሲነካ ድምፁ ዝግ ይላል፥ በብርታት ሲነካም ይበረታል። በኢጣልያንኛ «ፒያኖ» ዝግ ያለ፥ «ፎርቴ» ብርቱ ማለት ነውና፥ የመሣሪያውም ሙሉ ስም ሁለቱን አጣምሮ «ፒያኖፎርቴ» ተባለ። እንግዲህ የጣትን ቀስታና ብርታት የማይለይ ዕቃ ምንም ቁልፉ ቢበዛ፥ ምንም ቀለሙ ቢያምር ፒያኖ ሊባል አይገባውም። ገዢ ይህን አንድ ነገር በልቡ ይዞ ወደ ሱቅ ቢገባ ግማሹን ሥራ ፈጽሟል።

ዲጂታል ፒያኖ የሚባለው ጅማት የለውም። የእውነተኛ ፒያኖ ድምፅ አስቀድሞ ተቀርጾ፥ ወይም በስሌት ተዘጋጅቶ በውስጡ ይቀመጣል። ጣት ቁልፉን በተጫነው ጊዜ ከሥሩ ያለው መለኪያ ቁልፉ የወረደበትን ፍጥነት ይመለከትና፥ ቀስ ብሎ ለወረደው ዝግ ያለውን፥ ፈጥኖ ለወረደው ብርቱውን ድምፅ በማጉያው ያሰማል። በደኅናው ዲጂታል ፒያኖ ደግሞ ከያንዳንዱ ቁልፍ ጋራ የተያያዘ ክብደት ያለው ትንሽ መዶሻ አለ። ይህ መዶሻ የሚመታው ጅማት ባይኖረውም፥ ጣት የእውነተኛውን ፒያኖ ክብደት እንዲለምድ ያደርገዋል።

ምናልባት «ጅማት ያለውን እውነተኛውን ፒያኖ ስለ ምን አንገዛም?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በድምፅስ እርሱ ይበልጣል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን 230 ያህል ጅማት ተወጥሮ ያለበት፥ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎ የሚያልፍ ዕቃ ነው። እንጨቱ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፥ በበጋም ይደርቃል፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ በባለሙያ መቃኘት አለበት። ባለሙያውን ለማግኘትም ለመክፈልም የማይችል ቤተ ሰብ የተበላሸ ቅኝት የልጁን ጆሮ እንዲያበላሸው ይፈቅዳል። ዲጂታሉ ግን መቃኘት አያስፈልገውም፤ በጆሮ ማዳመጫም ስለሚሠራ ልጁ ማታ ቢለማመድ የታመመ አያስነሣም፥ ጎረቤትም አያውክም። ስለዚህ ለጀማሪ ቤት ዲጂታሉ መልካም ምርጫ ነው።

በገበያ የሚገኘው ዕቃ ግን ሁሉ አንድ አይደለም። ባለ 61 ቁልፍ የሆነ፥ ቁልፉ እንደ ወረቀት የቀለለ፥ መቶ ዓይነት ድምፅና ከበሮ የሚያሰማ፥ መብራትም የሚያበራ ኪቦርድ በብዛት ይሸጣል። ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት በዚህ እጅግ ደስ ይለዋል። በሦስተኛው ወር ግን መምህሩ «እዚህ ላይ ቀስ በል፥ እዚህ ላይ አበርታ» ሲለው መሣሪያው አይታዘዘውም። በትምህርት ቤት እውነተኛ ፒያኖ ባገኘ ጊዜም ጣቱ ክብደቱን አይችለውም። ያን ጊዜ አባት ልጁን ሰነፍ ይለዋል፤ ልጁም ራሱን ተሰጥዎ የሌለው አድርጎ ይቈጥርና ይተወዋል። እንዲህ ያለው ቤት የጎደለው የልጁ ትጋት ሳይሆን የመሣሪያው ብቃት መሆኑን ሳያውቅ፥ ገንዘቡንም የልጁንም ተስፋ ባንድነት ያጣል። አንድ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ስለ ራሱ ያመነውን ነገር በሠላሳ ዓመቱ ለማስለቀቅ አስቸጋሪ ነውና፥ ነገሩ ከዕቃ ግዢ የበለጠ ነው።

ስለዚህ ገዢ በሱቅ ውስጥ ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ይመርምር።

አንደኛ፤ ቁልፉን ይቍጠር። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ ከእሊህም 52ቱ ነጫጭ፥ 36ቱ ጥቋቁር ናቸው።

ሁለተኛ፤ ክብደቱን ይፈትን። አንድን ቁልፍ እጅግ በቀስታ ይጫን፥ ቀጥሎም በብርታት ይጫን፤ ድምፁ ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት በመካከሉ ብዙ ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው እንደሆነ ይተወው። ደግሞም በደኅናው መሣሪያ በግራ በኩል ያሉት የወፍራም ድምፅ ቁልፎች ከበድ፥ በቀኝ ያሉት የቀጭን ድምፅ ቁልፎች ቀለል ይላሉ። 88 ቁልፍ እያላቸው መዶሻ የሌላቸው ቀላል ዕቃዎችም ስላሉ፥ ቍጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት አይገባም።

ሦስተኛ፤ የእግር መርገጫውን ረግጦ ይዞ በሁለት እጁ ብዙ ቁልፎችን በተከታታይ ይንካ። መጀመሪያ የተነኩት ድምፆች ሳይገባቸው ቢቈረጡ፥ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ሊያሰማ የሚችለው የድምፅ ብዛት ትንሽ ነው ማለት ነው። ይህንም ባለሙያዎች ፖሊፎኒ ይሉታል። ለጀማሪ 64 ይበቃል፤ ከዚያ የበዛ ቢሆን ይሻላል።

አራተኛ፤ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ በፍጥነት ይምታ፤ ሳይዘል ሁሉን መመለስ አለበት።

አምስተኛ፤ የጆሮ ማዳመጫና የእግር መርገጫ መሰኪያ እንዳለው ይመልከት። ከዚህ በላይ ያለው የዘፈንና የከበሮ ብዛት ለትምህርት የሚጠቅም ስላልሆነ ለርሱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ራሱ መጫወት የማይችል ገዢም ቢሆን ይህን ሁሉ በአንድ ጣት ሊፈትነው ይችላል። መጫወት የሚያውቅ ዘመድ ወይም የልጁን መምህር ይዞ ቢሄድ ግን ይልቁን መልካም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ዋጋ እንናገራለን። ለጀማሪ ከሚበቁት ከታወቁት መሣሪያዎች መካከል ያማሐ ፒ-145፥ ሮላንድ ኤፍ ፒ-10ና ካስዮ ሲ ዲ ፒ-ኤስ110 ይገኛሉ። ሁሉም 88 ቁልፍና የመዶሻ ክብደት ያላቸው ናቸው። ዋጋቸውም በአሜሪካ አገር ከ450 እስከ 600 ዶላር አካባቢ ነው። ያማሐው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 የወጣ፥ 11 ኪሎ ያህል የሚመዝን፥ ቁልፉ ቀለል ያለ ነው። ሮላንዱ በ2019 የወጣ ሲሆን ቁልፉ ከበድ ያለና ወደ እውነተኛው ፒያኖ ጠባይ የሚቀርብ ነው፤ ፖሊፎኒውም 96 ነው። ካስዮው ደግሞ ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ በ6 የባትሪ ድንጋይ ሊሠራ ስለሚችል መብራት ለሚቈራረጥበት ሰፈር ይመቻል። ከእሊህ ከፍ ያለ መሣሪያ የሚሻ ሰው፥ ወደ 1000 ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ያለውን ካዋይ ኢ ኤስ120 ሊመለከት ይችላል፤ የእርሱ ፖሊፎኒ 192 ነው። ነገር ግን ልጁ አንድ ዓመት ሳይማር ከዚህ ያለፈ ወጪ ማድረግ አያስፈልግም።

በአገራችን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ አምና የሰሙት የብር ዋጋ ዘንድሮ አይሠራም። ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ የዕቃውን ዋጋ በዶላር ይወቅ፤ ያንን በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ወደ ብር ይለውጥ፤ በላዩም የማጓጓዣውን፥ የጉምሩኩንና የነጋዴውን ተገቢ ትርፍ ይጨምር። ነጋዴም ቤተ ሰብ አለውና ትርፉን መከልከል አይገባም። ነገር ግን ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቆ ከሒሳቡ እጅግ የበለጠውን ዋጋ መተው ነው። ከሒሳቡ እጅግ ያነሰውን ደግሞ ይልቁን መጠርጠር ይገባል፤ ወይ ያገለገለ ነው፥ ወይ የቀድሞ ዓይነት ነው። ለምሳሌ ያማሐ ፒ-45 በ2023 በፒ-145 የተተካ ስለ ሆነ፥ ዛሬም የሚያገለግል ደኅና መሣሪያ ቢሆንም እንኳ በአዲሱ ዋጋ ሊሸጥ አይገባውም።

በዋሽንግቶን ወይም በሌላ አገር የሚኖር የአጎት ልጅ ወይም እኅት «እኔ አመጣለሁ» ያለ እንደሆነ ሁለት ነገር ይታሰብ። የመጀመሪያው የሻንጣው ልክ ነው። ብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፥ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛሉ። ባለ 88 ቁልፍ ፒያኖ ግን ርዝመቱ ብቻ ወደ 132 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፥ በካርቶን ሲታሸግ ከልኩ ያልፋል፤ ተጨማሪም ያስከፍላል። ይህ ክፍያ አስቀድሞ ከአየር መንገዱ ተጠይቆ በዋጋው ላይ ይደመር። ሁለተኛው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፥ የእኛ አገር 220 ቮልት ነው። በአዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት እንደሆነ መሰኪያውን ብቻ መቀየር ይበቃል። 120 ብቻ የሚል እንደሆነ ግን እዚህ አገር በቀጥታ ቢሰኩት ይቃጠላልና፥ ለመሣሪያው የተመደበውን ባለ 220 ቮልት አዳፕተር መግዛት ግድ ነው። አዳፕተር ከፒያኖው ጋራ ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ በርሱ ምክንያት ፒያኖ ማጣት ግን የሚያስቈጭ ነው።

ያገለገለ ፒያኖ መግዛት አያሳፍርም። በጀት ላነሰው ቤት አዲስ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ከመግዛት ያገለገለ ባለ 88 ቁልፍ መግዛት ይሻላል። ነገር ግን ከላይ ከተነገረው ፈተና በቀር 88ቱን ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ መንካት ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሌላው ያለ ልክ የሚጮኽ፥ ወይም ሲነካ የሚንቋቋ፥ ወይም ወርዶ የማይመለስ ቢገኝ ጥገናው ቀላል አይደለምና።

እዚህ ላይ በፍርድ ቤት መዝገብ አጠገብ ዕድሜን ያሳለፈ ሰው ዝም ሊል የማይገባው አንድ ምክር አለ። ብዙ የሽያጭ ክርክር የሚነሣው ሰዎች ክፉ ስለ ሆኑ አይደለም፤ የተነጋገሩትን ስላልጻፉ ነው። ስለዚህ ከግለ ሰብ የሚገዛ ሁሉ ባንድ ገጽ ወረቀት የሻጩንና የገዢውን ሙሉ ስም፥ የመሣሪያውን ስምና ዓይነት፥ በጀርባው የተጻፈውን ተራ ቍጥር፥ ሻጩ ያመነውን ጉድለት፥ ዋጋውንና ቀኑን ጽፎ በሁለት ምስክር ፊት ይፈራረም። ከሱቅ የሚገዛም ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ይቀበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምር፥ ጉድለት ቢያገኝም ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ፒያኖውን ገዝቶ በካርቶኑ ውስጥ እስከ ልጁ ልደት ቀን ድረስ የሚደብቅ አባት ይህን አይርሳ፤ ቢያንስ አንድ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ አውጥቶ ይፈትነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ሁሉ፥ የዘገየም ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላልና።

ከፒያኖው ሌላ አራት ነገር ያስፈልጋል፤ እሊህም ማቆሚያ፥ ወንበር፥ የእግር መርገጫና የጆሮ ማዳመጫ ናቸው። ገዢ በጀቱን ሁሉ በፒያኖው ላይ ጨርሶ እሊህን እንዳያጣ ከመጀመሪያው ይደምራቸው። ማቆሚያው የማይወዛወዝ ይሁን። የወንበሩም ከፍታ ልጁ ሲቀመጥ ክርኑ ከቁልፎቹ ጋራ እኩል እንዲሆን ተደርጎ ይስተካከል፤ እግሩ መሬት ካልደረሰ ከሥሩ መረገጫ ሣጥን ይደረግለት። ፒያኖውን በምግብ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ትከሻውን ያንጠለጥላል፤ ይህም ከጊዜ በኋላ ሕመም ያመጣል። የጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ዝቅ ያለ ይሁን፤ የልጅ ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። ዝናብና መብረቅ ባለበት ጊዜ፥ ኤሌክትሪክም በጠፋ ጊዜ መሰኪያው ይነቀል፤ መብራቱ ሲመለስ በሚመጣው ኀይል እንዳይጎዳ።

ስለ አቀማመጡም አንድ ነገር እንበል። ፒያኖው በሳሎን መካከል በዳንቴል ተሸፍኖ፥ በላዩም የአበባ ማስቀመጫና የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ተደርድሮበት፥ ልጁ ለመለማመድ ሲፈልግ አሥር ዕቃ ማንሣት የሚገባው እንደሆነ አይለማመድም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተቀምጦ ሊነካው በሚችልበት ቦታ ይሁን። ከአቧራ የሚጠብቀው አንድ ቀላል ጨርቅ ይበቃዋል። ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህም ይሠራል፤ ውኃና ቡና ከአጠገቡ ይራቅ፤ እጅም ታጥቦ ይነካ።

አንዳንድ ሰው ፒያኖ የባዕድ መሣሪያ ስለ ሆነ ለእኛ ዜማ አይስማማም ይላል። ይህን የሚጠራጠር ሰው በሱቁ ውስጥ ይሞክረው። ሦስት ሆነው ከተሰለፉት ጥቋቁር ቁልፎች ከግራኛው ጀምሮ ወደ ቀኝ አምስት ጥቋቁር ቁልፎችን በተራ ቢነካ የትዝታን ቅኝት ይሰማል። እርግጥ ክራርና በገና የሚቃኙበት ልክ ከፒያኖው ጥቂት የሚለይበት ቦታ አለ፤ ነገር ግን ጆሮ ወገኑን አይስተውም። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፥ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ተምረው፥ በኋላም መንኵሰው ኖረው በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። እርሳቸው በፒያኖ የደረሱት ሥራ የአገራችንን ቅኝትና የአውሮፓን ትምህርት አስማምቶ በዓለም ላይ ተሰምቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውም የሙዚቃ ትምህርት ቤት በቅዱስ ያሬድ ስም ተሰይሞ ፒያኖን ያስተምራል። እንግዲህ መሣሪያው ከየትም ይምጣ፥ የሚናገረው በተጫዋቹ ልብ ያለውን ነው።

በመጨረሻም፥ ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ ፒያኖን የሚያክል ዕቃ ለመግዛት ብድር መግባት አይገባም። ገንዘቡ እስኪሟላ ልጁ በመምህሩ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ቢማር፥ ፍቅሩ የሚጸና መሆኑ በዚያው ጊዜ ይታወቃል። ከተገዛ በኋላም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መለማመድ በሳምንት አንድ ቀን አራት ሰዓት ከመቀመጥ ይበልጣል። በእሑድ ከሰዓት በኋላም አባት ጋዜጣውን አስቀምጦ፥ እናትም ሥራዋን ትታ፥ ልጃቸው የተማራትን ትንሽ ዜማ እስከ መጨረሻ ቢሰሙት፥ ስሕተቱንም ሳይቈጥሩ «ደግመህ አሰማን» ቢሉት፥ ከገዙት መሣሪያ ዋጋ የሚበልጥ ነገር ሰጥተውታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ትዕግሥቱን ለወላጆች፥ ትጋቱንም ለልጆች እግዚአብሔር ይስጥልን።